አብርሃም በአንድ ዓይን

የካቲት 11 ቀን 1988፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሞገስ በሕዝቡ ፊት አስነሥተውኝ፣ "አሻግሬ የአብርሃምን መሥዋዕት ስሎ ለፋሲካ ያደርስልናል" አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፋሁ። ዳላስ ከገባሁ ወዲህ የቀባሁት ነገር ቢኖር የአፓርታማ ግድግዳ ነው፤ እሱንም በነጭ። የሆቴል ሻትል እየነዳሁ ሰው ከኤርፖርት ማመላለስ ከጀመርኩ በኋላማ ብሩሽ የሚባል ነገር አልነካሁም። "ሠዓሊያችን" ስባል ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሸራውን ሳሎን ወጠርኩት። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ያዘው። ሃይሚ ከትምህርት ቤት እንደገባች ፊቱ ቆማ፣ "ባባ፣ ልጁን ማንን ታደርጋለህ?" አለችኝ።

"አንቺን።"

"እኔ እኮ ገርል ነኝ!" ብላ ሳቀች። ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ሳቋ ግን ከእሷ ይበልጣል። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ዓይኗ ባዶው ሸራ ላይ እንደተተከለ ቀረ፤ ከዚያ ወደቀች።

ባለቤቴ እናትነሽ ከወጥ ቤት ሮጣ መጥታ በጎኗ አስተኛቻት፤ ከራሷ ሥር ትራስ አደረገችላትና ሰዓቷን እያየች ጠበቀች። ሆስፒታል የሚሠራ ሰው እንዲህ ነው፤ የራሱንም ልጅ እንደ ሰው በሽተኛ ነው የሚያየው። እኔ አማተብኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ይህ የሆነው ደግሞ የሚጥል በሽታዋን ኪኒን አንድ ቀን እንኳ ሳታጓድል እየዋጠች ነው። አንድ ቀን ሳታጓድል!

የካቲት 14፣ ሐሙስ፣ መኪና ውስጥ

ተርሚናሉ በር ላይ ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ነው። አብርሃም አልመጣልኝም። በጉና ዛፉ ቀላል ናቸው፤ መልአኩም ቀላል ነው። የአብርሃም ፊት ግን እምቢ አለኝ። በገዛ ልጁ ላይ ቢላ ያነሣ ሰው ምን ዓይነት ፊት ይኖረዋል? መጡ።

የካቲት 17፣ እሑድ

ታዲዮስ፣ የሰበካ ጉባኤያችን ጸሐፊ፣ ፎርት ዎርዝ ሙዚየም ወሰደኝ። ልጅ ነው፤ ኮምፒዩተር ነው የተማረው፤ ግን ሥዕል ይወዳል። "ጋሼ፣ የአብርሃም ሥዕል ለሾው መጥቷል። ኮፒ አድርገው አላልኩህም፤ ሶ ጀስት እየው" አለኝ። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የተሳለ፣ ባሮክ የሚሉት ዘመን ሥራ ነው አለ። የሠዓሊውን ስም ነግሮኝ ነበር፤ ጣልያን ነው፤ አልያዝኩትም።

መጀመሪያ ያየሁት ጨለማ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ቢጫ፣ መሬቱ ቀይ ነው፤ ሁሉም ነገር በግልጽ ይታያል፤ የቅዱስ ነገር ምኑ ይደበቃል? ይሄኛው ሸራውን በጥቁር ሞልቶት፣ ከታች ከእሳቱ ማሰሮ በሚወጣ ብርሃን የልጁን አንገት ብቻ አብርቶታል። ሥሩ ሲመታ የሚታይ ይመስላል። ይስሐቅ በእንጨቱ ላይ ተጋድሞ ቢላውን አያይም፤ የሚያየው አባቱን ነው። አይጮህም። ጥያቄ ጠይቆ መልስ እንደሚጠብቅ ልጅ አፉን ገርበብ አድርጓል።

መልአኩ ደግሞ ክንፍ የለው፣ ፊት የለው። ከጨለማው የወጣ አንድ እጅ ብቻ ነው። ያም እጅ የአብርሃምን ክንድ ገና አልያዘውም፤ ሊይዘው ነው። በመሀላቸው ጣት የምታህል ጨለማ አለች። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየው ያችን ጨለማ ነው።

አብርሃምን ግን በጎኑ ነው የሳለው። በአንድ ዓይን! ደሜ ፈላ። አጎቴ ጎንደር ላይ ብሩሽ ሲያስይዘኝ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄንን ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ነው፣ ይሁዳ ነው፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ናቸው። አንዴ ልጅ ሆኜ ቅዱስ ጊዮርጊስን ዘወር አድርጌ ብስለው በብሩሹ እንጨት ጣቶቼን ገርፎኛል።

"የእምነትን አባት ከይሁዳ ጋር አስቀምጦታል" አልኩት ታዲዮስን።

"ኖ ጋሼ፣ እነሱ ጋ እኮ እንደዛ ማለት አይደለም። አንግል ነው፣ የአቅጣጫ ነገር።"

"ዓይን ዓይን ነው" አልኩት።

መንገዱን ሙሉ እንደተናደድኩ መጣሁ። ያችን ጣት የምታህል ጨለማ ግን ልረሳት አልቻልኩም።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

እትዬ እማዋይሽ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አሮጊት፣ ከአገር ቤት ተመልሰዋል። አንድ ጀሪካን ጸበል ለሃይሚ ብለው ተሸክመው መጡ። እግዜር ይስጣቸው፤ በዚያ ጉልበታቸው! ቤታቸው ድረስ ሄደን ተቀበልናቸው። ሃይሚ ወደ መኪናው ስትቀድመኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ብቻ ልብ አድርግ ልጄ፤ ጸበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም። በሁለት ልብ የተጠመቀ አይድንም። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ" አሉኝ።

ቤት ስንደርስ ጀሪካኑን ላወርድ ስል ሃይሚ፣ "እኔ ልያዘው፣ ስትሮንግ ነኝ" ብላ ነጠቀችኝ። ደረጃውን በሁለት እጇ አቅፋው ወጣች። እኔ ቁልፉን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ።

የካቲት 25፣ ሰኞ

ዛሬ ጀመርን። እናትነሽ ሳይነጋ ነው ለሥራ የምትወጣው፤ ኪኒኑን መስጠት ድሮም የእኔ ድርሻ ነው። ገንዳውን በቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁ፣ ከጸበሉ ጨመርኩ፣ ጸሎቱን አደረስኩ። ሃይሚ ረጅም ነጭ ቲሸርቷን ለብሳ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ገባች። አላለቀሰችም። ቁርስ ላይ ኪኒኑ የሚቀመጥባትን ትንሽ ሰሐን አየችና፣ "የዛሬውስ?" አለች።

"ዛሬ ጸበል ጠጥተሻል።"

"እማዬ ዋጥሽ ወይ ካለችኝስ?"

"ዋጥኩ በያት። ጾም እስኪፈታ በእኔና በአንቺ መሀል ነው።"

"ኦኬ" አለች። እንዲህ ያለች ልጅ ናት፤ ጥያቄ አታበዛም። እናትነሽ እንዳትጠረጥር ብልቃጡ መጉደል ስላለበት ይጎድላል።

ስእለቴንም ተሳልኩ። ለፋሲካ ድና ካየሁ በሕዝብ ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ። ሥዕሉ ከኋላዬ፣ ልጄ ከጎኔ።

መጋቢት 1፣ እሑድ፣ መጻጉዕ

ቄስ ሞገስ ሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ስለኖረው በሽተኛ ሰበኩ። ሲጨርሱ ጠጋ ብዬ፣ "አባ፣ በጸበል የሚያምን ሰው መድኃኒቱን ቢተው ምን ይላሉ?" አልኳቸው።

"ማን ነው የሚተወው?"

"ሰው ጠይቆኝ ነው።"

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "እንግዲያው ለሰውየው ንገረው። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ። ሐኪሙንስ ማን ፈጠረውና ነው? እግዚአብሔርን አይፈታተን።" ይህን ሲሉ እጄን እንደያዙ ናቸው። ሊለቁኝ የፈለጉ አይመስሉም ነበር። ሰው ሊሳለማቸው መጣ፤ ያኔ ለቀቁኝ።

የአሜሪካ ቄስ! ኢንሹራንስ የተገባለት እምነት ነው የሚሰብኩት። አብርሃም ወደ ተራራው ሲወጣ ለማን ደውሎ ጠየቀ?

መጋቢት 6፣ ዓርብ

ልጄ ነቃች! ያ ኪኒን እንደ ብርድ ልብስ ተጭኗት ኖሯል። ድሮ መኪና ውስጥ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ የምታንቀላፋው ልጅ ዛሬ ከቤት እስከ ትምህርት ቤቷ ስትዘፍን ሄደች። የቤት ሥራዋን ቁጭ ብላ ጨረሰች። ከሠራሁት ሽሮ ሁለት ጊዜ በላች። እናትነሽም አይታ ፊቷ በራ።

"ዶክተሩ ከወደቀች በኋላ የጨመረላት ዶዝ ሠራ መሰለኝ። አይደል?" አለችኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። ውሸት አልተናገርኩም።

አብርሃምም በከፊል መጣልኝ። ሁለት ሰፋፊ ዓይኖች፣ ወደ ሰማይ። መልአኩ ክንዱን ጭብጥ አድርጎ ይዞታል። በመሀል ምንም ጨለማ የለም። እኛ እንዲህ ነን፤ ሰውን አናስጨንቅም።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ፣ መኪና ውስጥ

የትምህርት ቤቷ ነርስ ኮል አደረገች። ሃይሚ ክፍል ውስጥ ደርቃ ቀረች፣ እርሳሱ ከእጇ ወደቀ፣ ስሟን ቢጠሯት አልሰማችም አለች። መድኃኒት ተለውጧል ወይ? አልተለወጠም። እናቷ ጋ ልደውል? አትደውይ፣ ሥራ ላይ ናት፣ እኔ እነግራታለሁ።

ልጅን ሐሳብ አይወስዳትም እንዴ? እኔም በእሷ ዕድሜ አጎቴ ቢጠራኝ አልሰማም ነበር። ተሳፋሪ።

ማታ። ለእናትነሽ አልነገርኳትም። ደክሟት ነበር የገባችው።

መጋቢት 15፣ እሑድ

ሃይሚን ይዤ ፎርት ዎርዝ ሄድኩ። የቢላውን አያያዝ ደግሜ ላየው ብዬ ነው። ሰበብ ነው፤ ያችን ጨለማ ልያት ብዬ ነው።

ሃይሚ ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ፣ "ባባ፣ ኤንጀሉ ሌት ሆነ" አለች።

"አልዘገየም። ይደርሳል። መጽሐፉ ላይ ይደርሳል።"

"እዚህ ግን አልደረሰም።" ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብላ፣ "ልጁ ያውቃል?"

"ምኑን?"

"አባቱ የሚያደርገውን።"

"አባቱን ያምነዋል።"

"ኖ ባባ። ያውቃል ወይ ነው ያልኩህ።"

ሰዎች ከኋላችን ቆመው ስለነበር ቦታ እንልቀቅላቸው አልኳት። ስንመለስ ግራ እጇ ጭኗ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በቀኝ እጇ ያዘችው፤ እንዳላየው መሆኑ ነው። የመዝሙሩን ካሴት ድምፅ ከፍ አደረግኩ።

መጋቢት 22፣ እሑድ

ታዲዮስ ሥዕሉን ሊያይ ከዳላስ አጠገብ ዩለስ ካለው ቤታችን ድረስ መጣ። እናትነሽ ተረኛ ነበረች። ሃይሚ ሻይ ስታቀርብለት ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ፤ አንገቷ ወደ አንድ ወገን ዞረና እዚያው ቀረ። ብዙም አልቆየም። ሻዩ ምንጣፉን አበላሸው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሲዠር ነው አይደል? መድኃኒቷን እየወሰደች ነው?"

"እየወሰደች ነው" አልኩ።

ሃይሚ ቀና ብላ አየችኝ።

ሲወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። "ማለቴ፣ እናትነሽ ታውቃለች? ከፈለግህ እኔ ላናግራት።" እጁን ከላዬ አነሣሁትና፣ "አንተ የጽሕፈት ሥራህን ያዝ" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚህ በኋላ ለማንም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ፈተና የሚበረታው ሊያልቅ ሲል ነው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

መጋቢት 29፣ ሆሣዕና

ሃይሚ ዘንባባውን በግንባሯ አስራ ዋለች፤ ፊቷ ጠፍቷል፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ቄስ ሞገስን ለፋሲካ አንድ ቃል እንድናገር ይፍቀዱልኝ አልኳቸው።

"ምን ልትል ነው?"

"የእግዚአብሔርን ሥራ።"

"የዚያ የሰውየው ነገር ምን ደረሰ?"

"ዳነ፣ አባ" አልኩ። አልሳቁም።

ሌሊት ሃይሚ ከአልጋዋ ወድቃ ነበር። ለእናትነሽ ሕልም አይታ ነው አልኳት። እሷ ግን አፏን ከፍታ ምላሷን አየች፤ ተነክሷል። መብራቱን ሳታጠፋ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ዛሬ ስንመለስ፣ "ነገ ዶክተሩ ጋ ደውዬ ለዓርብ አፖይንትመንት እይዛለሁ። ደሟን ይዩት። መድኃኒቱ ምን ያህል እንዳለ ደም ውስጥ ይታያል" አለች።

"ዓርብ እኮ ስቅለት ነው።"

"አውቃለሁ" አለች።

ሚያዝያ 1፣ ማክሰኞ

ሥራ ልወጣ ስል ነው የምጽፈው። ጠዋት ከውሃው ስትወጣ ፎጣውን ተከናንባ፣ "ባባ፣ አንድ ብቻ ልዋጥ? አንድ ብቻ። ራሴን ደክሞኛል" አለች።

"ትንሽ ነው የቀረን፣ ሃይሚዬ። አሁን ብናቋርጥ የእስከ ዛሬው ሁሉ ከንቱ ነው።"

"እሺ።"

እሺ አለች። ዓርብ ሳይደርስ ሐሙስ አለ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር በውሃ ያጠበበት ቀን ነው። የቀረውን ጸበል በሙሉ ለሐሙስ አደርገዋለሁ። ከደሟ መድኃኒት ቢያጡም ደዌም ያጣሉ፤ ያኔ ዶክተሩ ራሱ ይመሰክራል።

ሚያዝያ 3፣ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሆስፒታል

ጸበሉን በሙሉ አፈሰስኩት። ገንዳው ሞላ። እሷ ውስጥ ነበረች። ጸሎቱን አድርሼ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ሸራው ከዚያ ይታያል። የመልአኩ አውራ ጣት ጠማማ መሰለኝ። ብሩሹን ነክሬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ

ውሃው ተንቦጫረቀ። የምትጫወት መስሎኝ። ከዚያ ዝም አለ።

ዝም ሲል ነው የሄድኩት።

ሚያዝያ 4፣ ስቅለት

ቤተ ክርስቲያን እየተሰገደ ነው። እኔ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ።

እናትነሽ የምትሠራው እዚሁ ፎርት ዎርዝ፣ እዚሁ ሕንፃ፣ ከላይ ነው። ትናንት በሥራ ልብሷ ወረደች። ልጇን አምቡላንስ ሲያመጣት ስሟን ያነበበች ጓደኛዋ ናት የጠራቻት። ሃይሚ አፏ ውስጥ ቱቦ አለ፤ ደረቷ የሚነሣው በማሽን ነው። ዶክተሩ መድኃኒቷን መጨረሻ የወሰደችው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። አፌን ከፈትኩ። እናትነሽ ቀድማኝ፣ "በየቀኑ ነው የምትወስደው። ባለቤቴ ነው የሚሰጣት። አንድ ቀን አያጓድልም" አለችው። በእንግሊዝኛ፣ ቀጥ ብላ፣ ለእኔ ጥብቅና ቆማ።

ዛሬ ጠዋት የደሟ ውጤት መጣ። ከመድኃኒቱ ምንም አላገኘንም አለ ዶክተሩ። ትንሽ አይደለም ያለው። ምንም።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ የማታውቀውን ሰው አድራሻ እንደምትጠይቅ ሆና፣ "አንተ ነህ እኮ የምትሰጣት" አለች።

እትዬ እማዋይሽ ያሉትን ልነግራት ጀመርኩ። ስለ ስእለቱ፣ ስለ ፋሲካ። ወሬው ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የሌላ ሰው ወሬ መሰለኝ። መጨረስ ሲያቅተኝ በልጄ ግንባር ላይ ላማትብ እጄን ዘረጋሁ።

እናትነሽ ክንዴን ያዘችው። አጥብቃ። ጥፍሯ ገባ።

"አትንካት።"

እጄ ከልጄ ግንባር ጣት የምታህል ርቆ አየር ላይ ቀረ።

ሚያዝያ 6፣ ትንሣኤ

ትናንት ቱቦውን አወጡላት። ዛሬ ረፋድ ላይ ዓይኗን ገለጠች። የግራ እጇ ገና አይታዘዝላትም፤ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል ይላሉ። እናትነሽ እንድገባ ፈቀደችልኝ፤ ሃይሚ "ባባስ?" ብላ ጠይቃ ነው እንጂ ለእኔ ብላ አይደለም።

ነርሷ በወረቀት ኩባያ ውሃ አምጥታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ አባትየው ነው ብላ። ወደ አፏ አቀረብኩላት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ጠምቷታል፣ ያስታውቃል። ኩባያውን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ፣ "እማዬ፣ ልጠጣው?" አለች።

እናትነሽ ኩባያውን ከእጄ ወሰደችው።

ቤት ገባሁ። ገንዳው ውስጥ ያ ውሃ እስካሁን አለ፤ ማንም አላፈሰሰውም። ስልኩ ጮኸ፤ ቄስ ሞገስ ናቸው። "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" አሉኝ። መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አልወጣ አለኝ። ስለ ሥዕሉ አልጠየቁም። "ልጅቷ እንዴት ዋለች?" አሉ። የሰሙት ከታዲዮስ ነው። ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ደጅ ቆሞ ውሎ ኖሯል፤ ልግባ ሳይል።

ከዚያ ብሩሼን አጠብኩ። የአብርሃምን ፊት በቡናማ ደፍኜ እንደገና ጀመርኩ። በጎኑ። አፍንጫ፣ ጢም፣ አንድ ዓይን። ስንት ሳምንት እምቢ ያለኝ ፊት በአንድ ቁጭታ መጣ። ክንዱ ላይ አራት የጥፍር ምልክት ጨመርኩ፤ ከራሴ ላይ እያየሁ። ይስሐቅን አልነካሁትም። ሁለቱም ዓይኖቹ እንዳሉ ናቸው፤ አባቱን ያያሉ።

ቄስ ሞገስ እንዲህ ያለውን አብርሃም ቤተ ክርስቲያን አያስገቡትም። አይግባ።